ድንጋዩ ስንት ሰዓት ይቆያል?

ልጅ ሆኜ በቤታችን «ባትሪ» ሲባል ማታ ደጅ ሲወጣ የሚያዘው መብራት ነበር። ሆዱ ውስጥ የሚገባውን ደግሞ «ድንጋይ» እንለዋለን። የአባቴ ራዲዮ ትልልቁን ድንጋይ ይጎርሳል። ድምፁ መሰለል ሲጀምር እናቴ ድንጋዮቹን አውጥታ ሰፌድ ላይ ትደረድርና እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ታሰጣቸዋለች፤ እያገላበጠች። ማታ ተመልሰው ሲገቡ ለዜናው ያህል ያደርሳሉ። አድጌ ሥራዬ ከባትሪ ጋር ሲሆን ምክንያቱ ገባኝ። ሙቀቱ በውስጡ ያለውን ኬሚካል ያነቃቃዋል እንጂ ድንጋዩ አይሞላም፤ ማውጣት ያቃተውን ትርፍራፊ ነው የሚያወጣው። ያኔ ግን እናቴ ከፀሐይ ላይ ኃይል የምትቀዳ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያች ሰፌድ ጥግ የእኔም ሁለት ቀጫጭን ድንጋዮች አይጠፉም ነበር፤ የብሪክ ጌም ድንጋዮች። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ያስታውሳታል፤ መዳፍ የምትሞላ፣ ላይዋ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ጨዋታ አለ ተብሎ የተጻፈባት፣ ዞሮ ዞሮ ጡብ መደርደር የሆነች መጫወቻ። ድንጋይ አትበላም ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ በአንድ ጥንድ የተጫወትኩበት ጊዜ አለ። ለምን እንደዚያ እንደምትቆይ ጠይቄ አላውቅም። የሚቆይ ነገር ጥያቄ አያስነሳም።

አሁን ግራና በምትባል ከተማ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። በገበያ ቀን ከየቀበሌው የሚመጣው ሰው ስልኩን እኔ ጋ ቻርጅ ላይ ሰክቶ ይሄዳል። መደርደሪያዬ ላይ ማከፋፈያው እየተቀጣጠለ ሃያና ሠላሳ ስልክ ይደረደራል። በየስልኩ ጀርባ የባለቤቱ ስም በፕላስተር ይለጠፋል። ከሰዓት በኋላ ሁሉም መጥቶ ያው አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፦ «ሞልቷል?» አንድም ሰው «ስንት ይበላል?» ብሎኝ አያውቅም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ላልተጠየቀው ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ያነሳው ደግሞ ስልክ ሳይሆን አንድ የጨዋታ ኮምፒውተር ነው።

ጅዳ የምትሠራው እህቴ ለልጇ ስቲም ዴክ የሚባለውን ላከችለት። የአሠሪዎቿ ልጅ አዲስ ሲገዛ ያገለገለውን ለእሷ ሰጥቷት ነው። ለማያውቀው ልንገር፤ ይህ እንደ ድሮዋ ብሪክ ጌም ያለ መጫወቻ አይደለም። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ለገበያ ያወጣው፣ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ሰባት ኢንች ስክሪን ያለው፣ ትላልቅ የኮምፒውተር ጨዋታዎችን የሚያጫውት ሙሉ ኮምፒውተር ነው። እናቱ እዚያው ሳለ ጨዋታዎቹን አስጭናለት ስለነበር እዚህ ኢንተርኔት አላስፈለገውም። ቻርጀሩ ግን አብሮት አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ሱቄ መጣ። ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላው።

«አጎቴ፣ ባትሪው ሞቷል መሰለኝ። አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይቆይም።»

«አብሽር፤ እስቲ አምጣው» አልኩት።

አልፈታሁትም። ምን እንደሚጫወት ብቻ ጠየቅኩት፤ የመኪና ውድድር ነው። የስክሪኑን ብርሃን አየሁ፤ እስከ ጥግ ተከፍቷል። በቀኝ በኩል ሦስት ነጥብ ያለባት ቁልፍ አለች፤ እሷን ተጭኖ የአፈጻጸም መቆጣጠሪያው ውስጥ ሲገባ መሣሪያው በዚያች ቅጽበት ምን ያህል ኃይል እየበላ እንደሆነ በቁጥር ያሳያል። ከፈትኩት። 23 ዋት።

ከኪሴ እስክሪብቶ አውጥቼ በካርቶን ላይ ጻፍኩለት። የዚህ መሣሪያ ባትሪ 40 ዋት-ሰዓት ነው። 40ን ለ23 ስታካፍል አንድ ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይወጣል። ያገለገለ ባትሪ ስለሆነ ትንሽ ይቀንሳል። «ባትሪህ አልሞተም፤ ያለውን ሁሉ ሰጥቶሃል» አልኩት።

ዋት-ሰዓት የሚለውን ቃል ሰው ሲሰማ ይደነግጣል፤ የሚያስደነግጥ ነገር ግን የለውም። ጀሪካን አስብ። ዋት-ሰዓት ጀሪካኑ የሚይዘው ውሃ ነው። ዋት ደግሞ ከታች ያለው ቀዳዳ ስፋት። ትልቅ ጀሪካን ሰፊ ቀዳዳ ካለው ቶሎ ይደርቃል፤ ትንሽ ጀሪካን ቀዳዳው የመርፌ ያህል ከሆነ ያነጋል። የእኔ ብሪክ ጌም ምስጢር ይኸው ነበር። ስክሪኗ ብርሃን አይሰጥም፤ የቀኑን ብርሃን ተቀብላ ትመልሳለች እንጂ። የምታስበውም ጡብ መደርደር ብቻ ነው። ቀዳዳዋ የመርፌ ነበረች።

ያን ዕለት ማታ ሱቁን ዘግተን ከልጁ ጋር ቁጭ አልን። እሱ ይነዳል፣ እኔ ቁጥሩን እጽፋለሁ። መጀመሪያ የስክሪኑን ብርሃን ወደ ግማሽ አወረድነው፤ ፍጆታው በ2 ዋት ገደማ ወረደ። ቀጥሎ ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚሳል የሚወስነውን ከ60 ወደ 40 አወረድን፤ 16 ዋት ሆነ። በመጨረሻ ቺፑ ከ8 ዋት በላይ እንዳይወስድ ገደብ አበጀንለት፤ የመሣሪያው ጠቅላላ ፍጆታ 13 ዋት ላይ ቆመ። ልጁ መኪናውን እየነዳ ዞሮ አየኝና «ልዩነት የለውም እኮ» አለ። 40 ለ13፣ ሦስት ሰዓት። ባትሪው ያው ነው፣ ጨዋታውም ያው ነው፤ የሚቆይበት ጊዜ ግን ወደ እጥፍ ተጠጋ።

40 የሚለው ቁጥር ዝም ብሎ የተመረጠ እንዳይመስላችሁ። በሰከንድ 60 ምስል ሲሳል በአንዱና በሚቀጥለው መካከል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል። በ30 ሲሆን 33.3 ሚሊ ሰከንድ። የሁለቱ መካከል 25 ነው፤ 25 ሚሊ ሰከንድ ደግሞ በሰከንድ 40 ምስል ማለት ነው። ለዓይን 40 በ60 እና በ30 መካከል ልክ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀመጣል፤ ለቺፑ ግን ሥራው በአንድ ሦስተኛ ይቀንስለታል። የስቲም ዴክ ስክሪን እስከ 40 ድረስ እንዲወርድ ተደርጎ መሠራቱን ሳይ፣ መሣሪያውን ያሰበው ሰው ቻርጀር ሩቅ የሆነበትን ተጫዋች እንዳሰበ ተሰማኝ።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ነገር፤ ቺፑ። ከ23ቱ ዋት እስከ 15 የሚደርሰውን የሚወስደው እሱ ነው። የተቀረውን ስክሪኑ፣ ሜሞሪው፣ ዋይፋዩ፣ ማራገቢያውና ሌላው ይካፈሉታል። ቺፕ ፍጥነቱ ሲጨምር ፍጆታው በዚያው ልክ ብቻ ቢጨምር ኖሮ ጥሩ ነበር። እንደዚያ ግን አይደለም። ፍጥነት ሲጨምር ቮልቴጁም አብሮ መጨመር አለበት፤ ፍጆታው ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። ቮልቴጁ በአሥር በመቶ ቢጨምር ፍጆታው ለብቻው በሃያ አንድ በመቶ ያድጋል፤ ፍጥነቱ ያመጣው ሲደመር ሌላ ነው።

በቆቦ ግራና ሸለቆ ውሃ በሞተር ስቦ የሚያጠጣ ገበሬ ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ሞተሩን በመጠኑ ሲያስነሳው ሽንኩርቱም ይጠጣል፣ ነዳጁም ይበረክታል። ጋዙን እስከ ጥግ ሲሰጠው ውሃው ጥቂት ይጨምርና ነዳጁ ግን ይጋያል፣ ሞተሩም ይግላል። የመጨረሻዋ ትንሽ ፍጥነት ሁልጊዜ ከሁሉም ውድ ናት። ስለዚህ ነው ገደብ ስናበጅለት ልጁ ልዩነቱን ያላየው፤ የቆረጥነው ያችን ውዷን ጫፍ ነበርና።

ለዚህ ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ ግልጹ የኒንቴንዶ ኩባንያ ስዊች የተባለው የእጅ መጫወቻ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ሲወጣ ኩባንያው ራሱ እንደ ጨዋታው ከ2.5 እስከ 6.5 ሰዓት ይቆያል ብሎ ነበር። በ2019 መልኩ ያልተለወጠ፣ የባትሪው መጠንም ያልተለወጠ አዲስ ዙር አወጣ፤ ያኛው ከ4.5 እስከ 9 ሰዓት ቆየ። ዋናው የተለወጠው በረቀቀ አሠራር የተሠራው ቺፕ ነው። ጀሪካኑ ያው፣ ቀዳዳው ጠበበ። ሰው ግን ዛሬም ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ጀሪካኑን ነው።

ከዚያ በፊት ያለውም ታሪክ ያው ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የዚያው የኒንቴንዶ መጫወቻ ጌም ቦይ በአራት ቀጫጭን ድንጋይ ይሠራል፤ ስክሪኑ ቀለምም የኋላ መብራትም የለውም። በቀጣዩ ዓመት ሴጋ የተባለው ኩባንያ ጌም ጊርን አመጣ። ባለ ቀለም ነው፣ ከኋላ መብራት አለው፣ ዓይን ይሞላል። ግን ስድስት ድንጋይ ይበላና ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ይጨርሳቸዋል። ጌም ቦዩ አሥርን አልፎ ይሄድ ነበር። የትኛው እንደተሸጠ ዓለም ያውቃል፤ ጌም ቦይ ባለ ቀለሙን ተከታዩን ጨምሮ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። የጌም ቦይ አባት የሚባለው ጃፓናዊው ጉንፔ ዮኮይ የቆየና የረከሰ ቴክኖሎጂን በአዲስ መንገድ ማዋል ይወድ ነበር። ድንጋዮቿን በሰፌዱ ጥግ አሰጣላት የነበረችው ብሪክ ጌሜም የእሱ ሐሳብ የልጅ ልጅ ናት ማለት ይቻላል።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስል አንድ የእኛን አገር ታሪክ ላንሳ። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚባለው ድርጅት ኤክስኦ የተባለችውን አረንጓዴና ነጭ ትንሽ ኮምፒውተር ለኢትዮጵያ ልጆችም አምጥቶ ነበር። መሐንዲሶቹ ከሁሉ በፊት የተጨነቁት ስለ ዋት ነው። የዚያ ዘመን ላፕቶፕ ሃያ ዋትና ከዚያም በላይ ሲበላ እሷ በጥቂት ዋት ትሠራ ነበር። ስክሪኗ ፀሐይ ላይ ሲወጣ የኋላ መብራቱ ጠፍቶ በጥቁርና ነጭ ይነበባል። ልክ እንደ ብሪክ ጌም። ከዚያም በ2012 እ.ኤ.አ. ይኸው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ሁለት መንደሮች መምህር ለሌላቸው ልጆች ታብሌት በታሸገ ካርቶን አስቀምጦ ሄደ። ከታብሌቱ ጋር የፀሐይ ቻርጀር ነበር፤ አዋቂዎቹ የተማሩት እሱን ብቻ ነው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው። ብዙ ሰው ስለዚያ ልጅ ብልህነት ያወራል፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን የምደነቀው ስለ ፀሐይ ቻርጀሩም ጭምር ነው። ያ ቻርጀር ባይኖር ኖሮ የልጁ ብልህነት ከአንድ ቀን በኋላ ጥቁር ስክሪን ይዞ ይቀር ነበር።

ጥቁር ስክሪን ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 የሰሜኑ ጦርነት አካባቢያችንን ይዞ ሳለ መብራትም ኔትወርክም አልነበረም። ያኔ ሱቄ ተዘግቷል። ስልኬ ውስጥ የአባቴ የመጨረሻ ፎቶዎች ነበሩ፤ ሌላ ቦታ የላቸውም። መጀመሪያ ሰሞን ስልኩን ምንም ሳልነካው በአንድ ቀን ሲያልቅብኝ ግራ ገባኝ። በኋላ ገባኝ፤ ኔትወርክ የሌለበት ስልክ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቢያገኝ ብሎ ጣቢያ ይፈልጋል፣ ሲያጣ ደጋግሞ፣ በሙሉ ኃይሉ። ሰው በጭለማ ልጁን እንደሚጣራው። የአይሮፕላን ሞድ ላይ ሳደርገው ቀናት ቆየ። ብርሃኑን ወደ ታች፣ ማታ ማታ ለሁለት ደቂቃ አውጥቼ ለእናቴ የአባቴን ፎቶ አሳያታለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ከጎረቤት ትንሽ የሶላር መብራት ላይ በሳምንት አንዴ እየቀዳሁ እነዚያን ወራት አለፍኩ። ዋት ማለት ምን እንደሆነ በእውነት የተማርኩት ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት በሥራዬ ብቻ የማውቀው ቃል ነበር።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ «ትልቅ ባትሪ ያለው ይሻላል አይደል?» ሲለኝ መልሴ ሁልጊዜ በግማሽ ነው። አዎ፣ ትልልቅ አሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላ የእጅ ኮምፒውተር፣ አሱስ ሮግ አላይ ኤክስ፣ 80 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ የመጀመሪያው አላይ 40 ነበር። ስቲም ዴክም በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. በኦሌድ ስክሪን ሲታደስ ወደ 50 ከፍ ብሏል፤ ስክሪኑም ጥቁር የሆነው ቦታ ላይ ጨርሶ ስለማይበራ ኃይል ይቆጥባል። ግን ትልቅ ባትሪ ይከብዳል፣ ይወደዳል፣ ለመሙላትም ጊዜ ይወስዳል። ደግሞ ጣሪያ አለው፤ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ በእጅ ሻንጣ የሚያሳልፉት እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ከዓረብ አገር ዕቃ የሚልክ ወገን ይህን ልብ ይበል። ሊቲየም ባትሪ ያለው መሣሪያ ከእጅ ጋር ይያዝ፤ ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ ደግሞ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም።

ፓወር ባንክ ካነሳን አይቀር፣ ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝን ልናገር። ሰው የሚገዛው ላዩ ላይ በተጻፈው ሚሊ አምፔር-ሰዓት ነው። ሚሊ አምፔር-ሰዓት ግን ቮልቱ ካልተነገረ ግማሽ ቃል ነው። የዛሬ ስልክ ባትሪ 5,000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት ይላል፤ የስቲም ዴኩም ከ5,000 እምብዛም አይርቅም። ታዲያ እኩል ናቸው? አይደሉም። ስልኩ በ3.85 ቮልት ገደማ ስለሚሠራ 19 ዋት-ሰዓት ነው። ስቲም ዴኩ ሁለት ባትሪ ተከታትሎ የተያያዘበት ስለሆነ ቮልቱ እጥፍ ነው፣ ስለዚህ 40 ይሆናል። ትክክለኛ ባለ 20,000 ፓወር ባንክ በ3.7 ሲባዛ 74 ዋት-ሰዓት ነው፤ በመቀየር የሚጠፋውን ስንቀንስ ለስቲም ዴኩ አንዴ ተኩል ያህል ይሞላዋል። ትክክለኛ ከሆነ ነው እንግዲህ። አንድ ደንበኛዬ 50,000 የሚል ፓወር ባንክ ገዝቶ መጥቶ ስልኩን ሁለቴ እንኳ አልሞላልኝም አለኝ። ከፈትነው። ከአራቱ ባትሪዎች አንዱ ብቻ ባትሪ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ አሸዋ የተሞሉ ቆርቆሮዎች ነበሩ፤ ክብደቱ እንዲመስል። ሰውየው ዝም ብሎ አሸዋውን በጣቱ ሲነካካ ቆየ። በቀን ሥራ ያገኘው ገንዘብ ነው። ዕቃ የሚያስመጣ ሁሉ ዋት-ሰዓቱን እንዲጽፍ ቢገደድ፣ ጻፈም አልጻፈም ደግሞ የሚመዝን ቢኖር፣ እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ወር ይጠፋ ነበር።

የቻርጀሩም ነገር ያው የማካፈል ጉዳይ ነው። ልጁ ስቲም ዴኩን በድሮ የስልክ ቻርጀር ሰክቶ እየተጫወተ «እየተሰካ ይወርዳል» ብሎ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። ያ ቻርጀር 10 ዋት ይሰጣል፤ ጨዋታው 23 ይወስዳል። 13ቱ ከባትሪው ይሄዳል። የራሱ ቻርጀር 45 ዋት ነው፤ መሣሪያውና ቻርጀሩ በታይፕ ሲ ገመድ ተነጋግረው ቮልቱን ከፍ ያደርጋሉ። ይህን ንግግር የሚችል ቻርጀር ወልድያ ድረስ ሄጄ ፈልጌ አገኘሁለት፤ «ፒዲ» የሚል ጽሑፍና የዋቱ መጠን ያለበት ነው። ለሶላርም ቢሆን ምክሬ አንድ ነው። ሶላሩ የመኪና ባትሪ ይሙላ፣ ከዚያ በመኪና ውስጥ በሚሰካው ዓይነት ፒዲ ቻርጀር በቀጥታ ይቀዳ። በኢንቨርተር ወደ 220 ቮልት አውጥቶ እንደገና በቻርጀር ማውረድ ሁለት ጊዜ ቀረጥ መክፈል ነው፤ ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሰካበት እንኳ የራሱን ይበላል።

አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ያየሁትን ልንገራችሁ። እናቴ የልጅ ልጇ ባትሪ አልቆበት ማዘኑን አይታለች። ስቲም ዴኩን በነጠላዋ ጠርጋ፣ በዚያችው ዓይነት ሰፌድ ላይ አድርጋ፣ ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች። አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዶሮ ትጠብቅለታለች። ሮጬ አነሳሁት፤ የጀርባው ፕላስቲክ ያቃጥል ነበር። እሷ ያደረገችው ለድሮው ድንጋይ ልክ ነበር። ለሊቲየም ግን ሙቀት ጠላቱ ነው። የድሮው ድንጋይ አንዴ ተሟጦ የሚጣል ስለሆነ ነገ ምን ይሆናል አይባልም። ሊቲየም ግን ለዓመታት እየሞላ እየወረደ የሚኖር ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው በውስጡ የማያስፈልግ ምላሽ ይፋጠንና የመያዝ አቅሙን ለዘለቄታው ይበላዋል። ከሁሉ የከፋው መቶ በመቶ ሞልቶ በሙቀት ውስጥ መቀመጥ ነው፤ በግራና ቆላ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መስኮት ላይ ቻርጅ ተደርጎ እንደሚረሳው ስልክ ሁሉ። ሱቄ ከሚመጡት ያበጡ ባትሪዎች አብዛኞቹ እንዲህ የኖሩ ናቸው። ከ20 በመቶ በታች ሳያወርዱ፣ ከ80 በመቶ በላይ ሞልተው ሳያስቀምጡ፣ ጥላ ውስጥ ማኖር፤ ይህ ብቻ ዕድሜውን በብዙ ያራዝመዋል።

ለእናቴ ይህን ሳስረዳት አዳምጣ ስታበቃ «ታዲያ ይኼኛው ውኃ ነው የሚፈልገው?» አለችኝ። ጥላ ነው አልኳት። ከዚያ ወዲህ የልጁ መሣሪያ የሚቀመጠው ከእንስራው አጠገብ፣ ቤቱ ውስጥ ከሁሉ ቀዝቀዝ በሚለው ጥግ ነው። ቦታውን የመረጠችው እሷ ናት።

ልጁ አሁን የመኪናውን ውድድር ለመብራት ያለበት ቀን አስቀምጦታል። መብራት ሲጠፋ የሚከፍተው ስታርዲው ቫሊ የሚባለውን የእርሻ ጨዋታ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ስዕሉ የድሮ ጨዋታዎችን የሚመስል። መሬት ይቆፍራል፣ ዘር ይዘራል፣ ውሃ ያጠጣል። ጠቅላላ 7 ዋት። በሞላ ባትሪ አምስት ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ቀን በአያቱ ማሳ ላይ ውሃ ሲመራ ውሎ ማታ በስክሪን ላይ ደግሞ ሲያጠጣ ሳየው ደስ ይለኛል። የአገራችን ልጆችም እንደ ቅኔ ቴክኖሎጂስ ያሉት፣ ዶሮዋን የምታስሮጠውን «ኩኩሉ»ን ለስልክ የሠሩት፣ ጨዋታ መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። አንድ ቀን ሲሠሩ ይህን ልጅ ቢያስቡት ብዬ እመኛለሁ፤ በሰከንድ 40 ምስል የሚበቃውን፣ ሶኬት የሌለበትን።

ባለፈው ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ። ቤት ውስጥ የበራው የልጁ ስክሪን ብቻ ነው። የእናቴ ባለ ቁልፍ ስልክ መዝጊያ ድምፁን አሰምቶ ጠፋ፤ ባትሪ ጨርሷል። እህቴ ደግሞ ሐሙስ ማታ ከጅዳ ትደውላለች። እናቴ ምንም አላለችም፤ ስልኩን ገልብጣ ፊቱን በነጠላዋ ጠረገችው።

ልጁ ጨዋታውን አቆመ። የባትሪውን ቁጥር አየ፤ 31 በመቶ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ሲያሰላ ተመለከትኩት።

«አሥራ ሁለት ዋት-ሰዓት ቀርቶኛል። የእሷ ስልክ ስንት ይይዛል፣ አጎቴ?»

«አራት የማይሞላ። ከሚባክነው ጋር አምስት በለው።»

«ስለዚህ አርባ ደቂቃ ጨዋታ ነው» አለ። ከመሳቢያው ገመድ ፈልጎ አንዱን ጫፍ በስቲም ዴኩ ታይፕ ሲ ቀዳዳ፣ ሌላውን በአያቱ ስልክ ሰካ። የስልኩ ትንሽ ስክሪን በራ። የራሱን ስክሪን ብርሃን ወደ ታች አወረደና ሁለቱን ጎን ለጎን እንስራው አጠገብ አስቀመጣቸው፤ ስልኩ እስኪጠራ ድረስ ሦስታችንም በጭለማው ቁጭ ብለን ጠበቅን።